ማዳበሪያው የሚሞላው ማድ ቤት ውስጥ ነው፦ ስለ ጎንደር ቆሻሻ ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ከተማችን ቆሻሻ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ነበር። ለእኔም ጎረቤቴ ልካልኝ አነበብኩት። ጸሐፊው ለጎንደር የሚቆረቆሩ ሰው እንደሆኑ ያስታውቃል። ንዴታቸውም የእውነት ነው። የቆሻሻ መያዣው ማዳበሪያ ሞልቶ፣ ሁለት ኩርቱ ፌስታል ከጎኑ ተደርድሮ፣ ጋሪ ገፊዎቹ «ይሄን ብቻ ነው የምንወስደው» ብለው ትርፉን ደጃፍ ላይ ጥለውት ሲሄዱ ማን ይወዳል? እኔም ስንቴ ተናድጃለሁ።

ያም ሆኖ በአብዛኛው ነጥባቸው አልስማማም። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ከዚያ ባለፈው እሑድ በግቢያችን አንዲት እናት «ተጽፎ የለ እንዴ» ብላ ፌስታልና ዳይፐር አንድ ላይ ከምራ ስታቃጥል አየኋት። ልጇ አጠገቧ ቆሞ ይስል ነበር። ያን ጊዜ መልስ መጻፍ አለብኝ አልኩ።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ባጭሩ ላስቀምጠው። ጸሐፊው የሚሉት ይህን ነው። በየወሩ እስከከፈልን ድረስ ያወጣነው ሁሉ መነሳት አለበት። የጎንደር ሰው ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ስለሆነ የሚያባክነው ነገር የለም፤ «ቆሻሻ ቀንሱ» የሚባለው ምክር ለፈረንጅ ነው። መለየትም ከንቱ ድካም ነው፤ መኪናው ላይ ሲደርስ ሁሉም ይቀላቀላል። ጋሪው ትቶት የሄደውን እንደ አባቶቻችን ግቢ ውስጥ ማቃጠል ይቻላል። ብስባሽ ማዘጋጀት የገበሬ ሥራ ነው፣ ተከራይን አይመለከትም። የበዓል ቆሻሻ የማዘጋጃ ቤት ዕዳ ነው። ዋናው መፍትሔ ደግሞ በየመንደሩ ማዕዘን ገንዳ ማስቀመጥ ነው።

እኔ የምኖረው ማራኪ በሚባለው ሰፈር ነው። አምስት ቤተሰብ በአንድ በር የምንገባበት የኪራይ ግቢ ነው። ከዓመት በፊት ከግቢያችን በየሳምንቱ አራት ማዳበሪያ ይወጣ ነበር። አሁን አንድ ተኩል ነው። የምጽፈው ከዚያ ተነስቼ ነው።

ከክፍያው ልጀምር። ጋሪው በቀኑ ሳይመጣ ሲቀር መጠየቅ መብታችን ነው። ባለፈው ክረምት ሰፈራችን ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም ሳይመጣ ቀርቶ እኔም ቢሮ ድረስ ሄጄ ተናግሬያለሁ። በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። ነገር ግን ከፈልኩ ማለት የፈለግኩትን ያህል ክብደት በሰው ጫንቃ ላይ እጭናለሁ ማለት አይደለም። ጋሪውን የሚገፉት በማህበር የተደራጁ ወጣቶችና እናቶች ናቸው። ጎንደር ሜዳ አይደለችም። ከቀሃ ወደ ፒያሳ የሚያወጣውን አቀበት ባዶ እጅ ሲወጡት እንኳ ትንፋሽ ያሳጥራል። እነሱ ሙሉ ጋሪ ይዘው ይወጡታል።

እሺ፣ ጋሪው ላይ የምንጭንባቸው ምንድን ነው? ብዙው ውሃ ነው። ጎመን ከመቶ 90 እጁ ውሃ ነው። ቲማቲም ወደ 95 ይጠጋል። ድንች 80 ገደማ ነው። የወጥ ትራፊና የእንጀራ ቁርጥራጭ ሲጨመርበት ማዳበሪያው ከታች ይንጠባጠባል። ጠዋት የሚያነሳው ልጅ ልብስ ላይ የሚፈሰው ያ ነው። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዷ እናት «እናንተ ግቢ ሲደርስ ወገቤ ቀድሞ ያውቀዋል» አለችኝ። አፈርኩ። ይህን ንግግሯን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ክረምት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሌሊት በር ላይ ያደረ ማዳበሪያ ዝናቡን ይጠጣል። ጎርፍ ከመጣም ግልብጥ አድርጎ ይወስደዋል። የት ነው የሚወስደው? ከተማችን የተቀመጠችው በሁለት ወንዞች መሐል ባለ ጉብታ ላይ ነው፤ በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ። ከደጃችን የሄደ ፌስታል መጀመሪያ የጎርፍ መውረጃውን ይደፍናል። ቀጥሎ ከሁለቱ ወንዞች አንዱ ውስጥ ይገባል። ከዚያ መገጭ፣ ከዚያ ጣና። የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ በሚመጣ ውሃ መሆኑን የማያውቅ ጎንደሬ የለም። ታቦት የሚያድርበት፣ ምእመን የሚጠመቅበት ውሃ ነው። ስለዚህ «እኔ በር ላይ አውጥቻለሁ፣ ከዚህ በኋላ የእነሱ ጉዳይ ነው» የሚለው ነገር አይዋጥልኝም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። «ድሃ ነን፣ የምናባክነው የለንም» የሚለውን እኔም አምን ነበርና።

አምና ከጥምቀት በኋላ የግቢያችን ሴቶች ቡና ላይ ተቀምጠን ይኸው የማዳበሪያ ነገር ተነሳ። ማን ነው ብዙ የሚያወጣው ተባለ። ነገሩ ወደ ጠብ ሊሄድ ሲል አከራያችን እትዬ «ለምን ዘርግፈን አናየውም?» አሉ። በማግስቱ ሸራ አንጥፈን የሳምንቱን አራት ማዳበሪያ ዘረገፍነው። ጓንት ያልነበረን እጃችንን በፌስታል ጠቅልለን ለየነው።

ከሁሉ የበዛው ምን ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ? አፈር። ግቢያችን ሲሚንቶ የለውም። ጠዋት ጠዋት ስንጠርግ ከቅጠሉ ጋር መሬቱን ራሱን ልጠን ማዳበሪያ ውስጥ እንከተዋለን። ቀጥሎ የመጣው አመድ ነበር። ሦስታችን የምናበስለው በከሰልና በእንጨት ነው። ከዚያ ልጣጭ፦ የድንች፣ የሽንኩርት፣ የብርቱካን፣ የሙዝ፣ ታኝኮ የተተፋ ሸንኮራ። ከዚያ የቡና አተላና ለቡና የተጎዘጎዘው ቄጠማ። ሃይላንዱ፣ ፌስታሉ፣ የብስኩት ወረቀቱና ዳይፐሩ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ማዳበሪያ እንኳ አልሞላም።

ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ሀብት አላባከንንም። ግን የራሳችንን መሬትና የምድጃችንን አመድ በሰው ትከሻ እያስወጣን ነበር። «ቀንሱ» ማለት እኛ ግቢ ውስጥ «ትንሽ ግዙ፣ ትንሽ ብሉ» ማለት አልሆነም። መግባት የሌለበትን አታስገቡ ማለት ነው የሆነው።

ለአፈሩ መፍትሔው ቀላል ነበር። እትዬ አሮጌ ወንፊት አመጡ። ጠራጊው ቅጠሉን ከነፋ በኋላ አፈሩ እዚያው ግቢ ይመለሳል። በቃ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቀነሰ።

አመዱን ደግሞ በአሮጌ ባሊ አንድ ቀን ሙሉ እናሳድረዋለን። ይሄ የግድ ነው። ላዩ የቀዘቀዘ አመድ ከሥሩ ፍም ይይዛል። ማዳበሪያ ውስጥ ከገባ ጋሪውንም ገንዳውንም ሊያነድ ይችላል። የቀዘቀዘው አመድ ጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ላይ ሲበተን ሽታም ዝንብም ይቀንሳል። ጥቁር ብረት ድስት እንደ አመድ የሚያጸዳው የለም፤ ይህን እናቶቻችን ያውቁታል። ጥቂቱን ጎመን ሥር መነስነስም ይቻላል። ጥቂቱን ነው ያልኩት። ሲበዛ አፈሩን ያበላሸዋል።

ምግብን በተመለከተ፣ በእውነት የሚያሳዝነኝ ድርቆሽ እየቀረ መምጣቱ ነው። እናቴ እንጀራ ሦስተኛ ቀኑን ሲይዝ ሰፌድ ላይ ቆራርሳ ፀሐይ ላይ ታሰጣው ነበር። ለመንገደኛ ስንቅ ይሆናል፤ ለቁርስ ፍርፍር ይሆናል። አሁን እንጀራ ሻጋታ ሲያወጣ እንጠብቅና በፌስታል አስረን እንጥላለን። የጤፍ ዋጋ እንዲህ ሰማይ ነክቶ! የሻገተውን ብሉ አልልም፤ ለጤና አይሆንም። ሳይሻግት አድርቁት ነው የምለው። ለቅበላ ደግሞ በአንድ ሌሊት የማይበላ ሥጋ ሠርተን በማግስቱ ለውሻ የምንደፋውን ጉዳይ ሁላችንም እናውቀዋለን። አልዘረዝረውም።

«ምክሩ የፈረንጅ ነው» ላሉት አንድ ነገር ብቻ ልበል። የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እዚሁ ጎንደር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተነሳው ከዚያ ነው። ኮሌጁ ጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ብቻ አልነበረም የሚያስተምረው። ሥራቸው ውሃ፣ መጸዳጃ ቤትና ቆሻሻ የሆነ ሳኒታሪያኖችንም ያሠለጥን ነበር። ስለ ደረቅና እርጥብ ቆሻሻ የሚሰጠው ትምህርት ከእኛ ከተማ ወጥቶ ነው አገር የዞረው።

ሦስተኛው ነጥብ «መለየት ከንቱ ነው፣ መኪናው ላይ ይቀላቀላል» የሚለው ነው። ብዙ ሰው የሚያምነው ይህን ስለሆነ ጠንካራው ነጥባቸው ነው። መኪናው ላይ የተለየ ክፍል እንደሌለ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ጸሐፊው ከደጃችን እስከ መኪናው ያለውን መንገድ ዘለሉት።

እስቲ ጋሪውን ተከትላችሁ ተመልከቱ። ጎኑ ላይ የተንጠለጠሉ ሌሎች ማዳበሪያዎች አሉ። በአንዱ ሃይላንድ፣ በአንዱ ቆርቆሮና ብረት፣ በአንዱ ካርቶን ይጠራቀማል። ያ በኪሎ ይሸጣል። ለአንሺዎቹ ከደሞዛቸው ሌላ የምትገኝ ትንሽ ገቢ ናት። ንጹሕ ሃይላንድ ይሸጣል፤ የወጥ ትራፊ የፈሰሰበት ግን ገዢ የለውም። ካርቶንም እንደዚያው፤ ከራሰ በቃው። ስለዚህ እኛ ማድ ቤት ውስጥ ስንቀላቅለው የእነሱን ገንዘብ እያበላሸን ነው። ከዚያ ደግሞ ቆራሌው አለ። እሱን ማን አስተማረው? ማንም። ጠርሙስ፣ ጀሪካን፣ የተሰበረ ባልዲ፣ አሮጌ ጫማ ይወስዳል። መለየት ከንቱ ቢሆን ኖሮ ቆራሌ ጠዋት ጠዋት በየሰፈሩ ባልጮኸ ነበር።

ሌላው መኪናው ላይ የማይቀላቀለው ነገር ጭራሽ ከግቢ ያልወጣው ነው። እርጥቡን ቤት ካስቀረነው መኪናው ምንም ቢያደርግ አይቀላቅለውም። የመለየት ትልቁ ጥቅም ለእኔ እሱ ነው። የቀረው ደረቅ ቆሻሻ አይሸትም፣ አይንጠባጠብም፣ ዝንብ አይጠራም። ጋሪው አንድ ሳምንት ቢቀር፣ ሁለት ሳምንትም ቢቀር፣ ጥግ ይዞ ይቆያል። እርጥብ ቆሻሻ ግን አይቆይም። ዝንብ እንቁላሏን ከጣለች በሞቃት ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ አዲስ ዝንብ ሆኖ ይበራል። ለዚህ ነው ጋሪው አንድ ሳምንት ሲዘል ሰፈሩ በዝንብ የሚወረረው። ያን ሦስት ሳምንት የቀረብን ጊዜ መለየት ጀምረን ነበር። ከጎናችን ያለው ግቢ በር ላይ መቆም አይቻልም ነበር። እኛ ግቢ ደረቁ ተጠቅጥቆ፣ አፉ ታስሮ፣ ከጣሪያው ሥር ቆየ።

በነገራችን ላይ መለየት ምክር ብቻ ሳይሆን ሕግም ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 እያንዳንዱ ቤተሰብ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚወገደው እንዲለይ ያዝ ነበር። ከ0.03 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ፌስታል ማምረትና ማስገባትም የተከለከለው በዚያው አዋጅ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ጊዜ ተጠቅመን የምንጥላቸውን የፕላስቲክ ከረጢቶች የሚከለክል አዲስ አዋጅ ጸድቋል። ቅዳሜ ገበያ ስንወርድ ዘንቢል ይዘን መውረድ ነበረብን፤ እናቶቻችን ይዘው ይወርዱ እንደነበረው።

የተቀላቀለ ቆሻሻ መጨረሻው ምን እንደሚመስል ያየን ሕዝብ ነን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የቆሻሻው ተራራ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ያ ተራራ በብዙ ዓሥርት ዓመታት ውስጥ የተከመረው ከየቤቱ በወጣ ማዳበሪያ ነው። በውስጡ ያለ አየር የሚበሰብሰው ምግብና ቅጠል ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ይቀጣጠላል። አየሩን በማሞቅም በመቶ ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 28 እጥፍ ይበረታል። ያው ልጣጭ ግቢ ውስጥ አየር እያገኘ ቢበሰብስ ግን አፈር ነው የሚሆነው።

ስለ ማቃጠል የተጻፈውን ሳነብ ግን ልቤ ነው ያዘነው። «አባቶቻችን ያቃጥሉ ነበር» ይላል። እውነት ነው፣ ያቃጥሉ ነበር። ያቃጥሉ የነበረው ገለባ፣ ቅጠልና ጭራሮ ነው። ፌስታልና ዳይፐር አባቶቻችን አያውቁም። የግቢ እሳት ፕላስቲክን አጥርቶ የሚያቃጥል ሙቀት የለውም። ጥቁሩ ጭስ የሚመጣው ከዚያ ነው። በተለይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስና አንዳንዱ የፕላስቲክ ቱቦ ክሎሪን ስላለበት ሲቃጠል ዳይኦክሲን የሚባለውን መርዝ ይፈጥራል። እሱ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። መርዙ በጭሱ ብቻ አይሄድም፤ አመዱ ውስጥም ይቀራል። ዶሮ ያንን መሬት ትጭራለች፤ እኛ ደግሞ ዕንቁላሏን ለልጅ እንሰጣለን። የባትሪ ድንጋይ እሳት ውስጥ ሲገባ ሊፈነዳ ይችላል። አንድ ግቢ ሲያቃጥል አምስት ግቢ ይተነፍሰዋል። አስም ያለበት ሰው፣ አራስ፣ ሕፃን በየቤቱ አለ። ጸሐፊውን በአክብሮት የምጠይቃቸው ይህን አንድ ነጥብ እንዲያነሱት ነው። ሌላው ላይ ብንከራከር ምንም አይደለም።

ዳይፐር ራሱ ግን እውነተኛ ችግር ነው፣ አልክድም። አይበሰብስም፣ አይሸጥም፣ አይቃጠልም። እኛ ግቢ ሁለት ሕፃናት አሉ። ቀን ቀን የጨርቅ ጨምሩበት፣ ለሌሊትና ለመንገድ ፓምፐርስ አድርጉ ከማለት የተሻለ መልስ የለኝም። ይሄም ውሃ ሲጠፋ ከባድ እንደሆነ የጎንደር እናት ታውቀዋለች። በሳምንት አንድ ቀን ውሃ የሚመጣለትን ሰፈር ጨርቅ እጠቡ ብዬ አልፈርድበትም። ሰገራውን መጸዳጃ ቤት አራግፎ፣ ጠቅልሎ አጥብቆ አስሮ ለብቻው ማውጣት ግን ይቻላል። የሚያነሳው ሰው እጁ ላይ እንዳይፈስ።

«ብስባሽ ለተከራይ አይሆንም» ለሚለው፣ እኛ ሁላችንም ተከራይ ነን። ያለን ቦታ ከውሃ ልኩ አጠገብ የምትገኝ አንድ ሜትር የማትሞላ ጥግ ናት። ያደረግነው ይሄ ነው። ሁለት ጠንካራ ማዳበሪያ ጎን ጎኑን በሳን። ከሥር ጭራሮ አነጠፍን። አንድ ጣሳ ልጣጭ በገባ ቁጥር ሁለት ጣሳ ደረቅ ነገር ይለብሳል፤ ደረቅ ቅጠል፣ የደረቀ ቄጠማ፣ የተቀዳደደ ካርቶን። የባሕር ዛፍ ቅጠል እንዳታበዙ፤ ቶሎ አይበሰብስም። እርጥበቱ ተጨምቆ ጠብ የማይል ጨርቅ ያህል ይሁን። በሳምንት አንዴ በእንጨት እናገላብጠዋለን። እጃችሁን ብታስጠጉት ይሞቃል፤ እየሠራ ነው ማለት ነው። ከሸተተ ውሃ በዝቶበታል፣ ደረቅ ቅጠል ጨምሩ። ሥጋ፣ ቅባት፣ አጥንትና የወጥ ትራፊ አይገባም፤ አይጥና ውሻ ይጠራል። ሦስት አራት ወር ሲሆነው ጥቁርና ፍርፍር ይላል፤ ሽታው የዝናብ መሬት ሽታ ነው። እትዬ በዚያ አፈር ጎመን፣ ጤና አዳምና በሶብላ አብቅለዋል። የመጀመሪያውን ጎመን አምስታችንም ቀምሰናል።

ይህም አልመች ላለው ሌላ መንገድ አለ። ጎንደር ውስጥ ላምና በግ ያለበት ግቢ ዛሬም ብዙ ነው። ከእኛ በታች ወተት የሚሸጡ እናት አሉ። የጎመን አንጓ፣ የድንች ልጣጭ፣ ጠላ ሲጠመቅ የሚተርፈው አተላ ለእሳቸው ይሄዳል። ልጃቸው ማታ ማታ ባሊ ይዞ ይመጣል። ከፌስታል የጸዳ መሆን አለበት፤ ላም ፌስታል ከዋጠች ሆዷ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገድላታል። ይህን ጸሐፊው «ኋላ ቀር» ይሉት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አላየሁም።

የበዓሉን ነገር በተመለከተ ግማሹን እቀበላለሁ። በፋሲካ፣ በገናና በእንቁጣጣሽ ማግስት ጋሪ አይበቃም። ተጨማሪ መኪና መመደብ አለበት። ግን ከበዓል ቆሻሻ ውስጥ በጣም የሚሸተው ምንድን ነው? ፈርሱ፣ ደሙ፣ የዶሮው ላባና የበጉ ሌጦ ነው። ድሮ ዶሮ ሳይጮህ «ቆዳ ያለው!» የሚሉ ልጆች በር ያንኳኩ ነበር። ሌጦ ገንዘብ ነበር። አሁን ዋጋው ወድቆ ሌጦው መንገድ ዳር ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው እናያለን። ገዢ እስኪገኝ ማቆየት የሚፈልግ፣ በጉ እንደተገፈፈ ሥጋማውን በኩል ጨው በደንብ አሽቶ፣ አጥፎ ጥላ ውስጥ ያስቀምጠው። ሁለት ቀን ከዋለ በኋላ ጨው መጨመር ዋጋ የለውም። ፈርሱ ግን ፈጽሞ ወደ ማዳበሪያ መግባት የለበትም። እሱ የታኘከ ሣር ነው፤ ጉልበት ድረስ ጉድጓድ ቆፍሮ አፈር ቢያለብሱት በዓመቱ ምርጥ መሬት ነው። ላባውም እዚያው ይገባል። ቅርጫ የሚገቡ ሰዎች ሥጋውን ሲከፋፈሉ ይህንንም አብረው ቢመክሩበት ጥሩ ነው። በሬው የታረደበት ግቢ ባለቤት ብቻውን ሽታውን የሚወርስበት ምክንያት የለም።

መጨረሻ ላይ ያስቀመጡት ገንዳ ነው። መናኸሪያና ቅዳሜ ገበያን የመሰለ ቦታ ያለ ገንዳ አይሆንም። በየመንደሩ ማዕዘን ግን ምን እንደሚሆን አይተናል። ገንዳ የማንም አይደለም። ሲሞላ ሰው ከሥሩ ይጥላል። ቀን ውሻና ጥንብ አንሳ፣ ሌሊት ጅብ ይጎትተዋል። ገንዳው አጠገብ ቤት የደረሰውን ሰው ጠይቁት። ጋሪ ግን በር ያንኳኳል። ማን ምን እንዳወጣ ይታወቃል። እኔ ያችን እናት አይቼ ያፈርኩት ፊት ለፊት ስለቆምን ነው። በገንዳ ውስጥ ብጥለው ኖሮ ወገቧን መቼ አውቀው ነበር?

ስለዚህ ከጸሐፊው ጋር አብረን ብንጠይቅ ደስ የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። የጋሪው ቀንና ሰዓት በየሰፈሩ ተቆርጦ ይነገር፤ ማዳበሪያ ሌሊት ዝናብ ላይ እንዳያድር። ለአንሺዎቹ ወፍራም ጓንትና ቦት ጫማ ይሰጣቸው። የበዓል ማግስት መኪና አስቀድሞ ይታወቅ። እድራችን በሚቀጥለው ወር ስብሰባ አለው። እኔና እትዬ ይህንኑ ይዘን እንገባለን። ወንፊቱንም ይዘነው እንሄዳለን፤ እትዬ «ሳያዩት አያምኑም» ብለዋል።